አሮጌው እንቁላል ወይስ አዲሱ ሳጥን?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በየሰመሩ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን በድንኳን እናድራለን። ዘንድሮ ባለቤቴ ‹ወገቤ ከእንግዲህ መሬት ላይ አይተኛም› ብላለች። ስለዚህ ያገለገለ ቀላል የካምፕ ትሬይለር፣ በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት፣ ልንገዛ ነው። መኪናችን የ2018 ቶዮታ ሃይላንደር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ነው። 12,000 ዶላር ይዘናል። ሁለት አግኝተናል። አንደኛው ፔንሲልቬኒያ ያለ፣ ካሲታ የሚባል የ2008 ትሬይለር ነው። 17 ጫማ፣ ሙሉ በሙሉ ፋይበርግላስ፣ ዋጋው 11,500 ዶላር። ሁለተኛው እዚሁ ምናሳስ አጠገብ ያለ የ2021 ባለ 21 ጫማ ነው፣ 12,000 ዶላር። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ ለልጆቹ ተደራራቢ አልጋ አለው። አማቼ ‹በዚያው ዋጋ 13 ዓመት አዲስ የሆነ እያለ አሮጌ መግዛት ምን የሚሉት ነው?› ይለኛል። የምናሳሱ ሻጭ ደግሞ ቀብድ ካልላክህ ሌላ ሰው ይወስደዋል እያለኝ ነው። የሁለቱንም የክብደት ጽሑፍ ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ምን ምን ልይ? የትኛውን ልምረጥ?»
ልቡ የተከፈለ፣ ከስፕሪንግፊልድ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከሁሉ በፊት፣ ቀብድ አይላኩ። ላላዩት፣ ላልዳሰሱትና ላላሸተቱት ትሬይለር በስልክ ቀብድ አይሰጥም። በዚህ ገበያ የታወቀው ማጭበርበር እንዲህ ነው። ፎቶው ያምራል። ዋጋው ከሌላው በብዙ ይረክሳል። ሻጩ «ወታደር ነኝ፣ ወደ ሌላ አገር ተመድቤአለሁ» ይላል። ዕቃው በአጓጓዥ ደጅዎ ድረስ ይመጣል፣ እርስዎ ገንዘቡን ብቻ ይላኩ። ትሬይለር የሚባል ነገር ግን የለም። የእርስዎ ሻጭ እንደዚያ ነው ማለቴ አይደለም። እውነተኛ ሻጭም ያስቸኩላል። ግን እውነተኛው ሻጭ «ቅዳሜ ጠዋት ገንዘቤን ይዤ እመጣለሁ፣ የቀደመኝ ካለ ይውሰደው» ቢሉት አይቀየምም። ከሄደም ይሂድ። ትንሽ ትሬይለር በየሳምንቱ ለሽያጭ ይወጣል።

ወደ አማችዎ ልምጣ። አማችዎ የጠየቀው የመኪና ጥያቄ ነው። ለመኪና ቢሆን ልክ ነበር። ትሬይለር ግን ቤት ነው። ቤትን የሚገድለው ደግሞ ዕድሜው ሳይሆን ጣሪያው ነው። ውሃ የገባበት የ3 ዓመት ትሬይለር አለቀለት ማለት ነው። ውሃ ያልገባበት የ20 ዓመት ትሬይለር ገና ልጆች ያሳድጋል። ብዙ ነገር እነግርዎታለሁ፤ ከሁሉም አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህንን ይያዙልኝ።

የምናሳሱ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቀጭን የእንጨት ወይም የአልሙኒየም አጥንት ይቆማል። መሐሉ ፎም ይሞላል። በግራ በቀኝ ስስ ኮምፔንሳቶ ይለጠፋል። ከውጭ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ፋይበርግላስ በሙጫ ይለበሳል። ጣሪያው ላይ ጎማ መሰል ሽፋን ይዘረጋል። ከዚያ ያ ጣሪያ ይበሳል፦ ለኤሲ፣ ለአየር ማስወጫ፣ ለአንቴና፣ ለመጸዳጃው መተንፈሻ። ግድግዳውም ለመስኮት፣ ለበር፣ ለመብራት ይበሳል። የእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ በማሸጊያ ይደፈናል። ማሸጊያው በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ጊዜ መሰላል ላይ ወጥቶ ካላየውና ካላደሰው ውሃ መንገዱን ያገኛል። አንዴ ከገባ በኋላ አይወጣም። ኮምፔንሳቶው ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ ያበሰብሳል። ከውጭ ሲያዩት ያንጸባርቃል፣ ውስጡን ለቄስ።

የ2021 መሆኑ ደግሞ ለእኔ ተጨማሪ ጥያቄ ነው። በኮቪድ ጊዜ ሰው ሁሉ ከሆቴል ሸሽቶ ወደ ካምፕ ዞረ። በ2021 ፋብሪካዎች ከ600,000 በላይ አርቪ፣ ማለትም የካምፕ ትሬይለርና የመኖሪያ መኪና፣ ለገበያ አወጡ። ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። አብዛኛው የሚሠራው ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ነው። በዚያ ጥድፊያ የተሠራ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ግን የዚያን ጊዜ ገዢ ብዙው የመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ነበር። ጣሪያ ላይ መውጣት እንዳለበት የነገረው የለም። ሁለት ሰመር ተጠቀመበት፣ ከዚያ ጓሮ አቆመው፣ ቅጠል ወደቀበት፣ በረዶ ተኛበት። አሁን እየሸጠው ነው። ምናሳስ ያለው እንደዚያ ይሁን አይሁን ከፎቶ አይታወቅም።

ካሲታው ሌላ ፍጥረት ነው። የተሠራው ቴክሳስ፣ ራይስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከላይና ከታች ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊት ተሠርቶ ወገቡ ላይ ይገጣጠማል። የሚኒሶታው ስካምፕም እንዲሁ ነው። ሰዎች እንቁላል የሚሏቸው ለዚህ ነው። ጣሪያውና ግድግዳው አንድ አካል ስለሆነ ማዕዘኑ ላይ የሚከፈት ስፌት የለም። ዋጋቸው እንደሌላው ቶሎ የማይወርደውም ለዚሁ ነው። ቢሆንም ውሃ የሚገባበት አያጣም። መስኮት አለው፣ የጣሪያ አየር ማስወጫ አለው። የውስጥ ቁምሳጥኑ የተያዘው ቅርፊቱን በስተው በሚያልፉ ሪቬቶች ነው። ወለሉ ደግሞ እንጨት ነው። እንቁላል ነው ብለው እንዳይዘናጉ።

የራሴን ልንገርዎት። የመጀመሪያዬን ትሬይለር የገዛሁት በጥር ወር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻጩ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ከቤት አስገብተው ሻይ አጠጡኝ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ አሳዩኝ። ትሬይለሩ ውስጥ ስገባ የሎሚ ሽታ አወደኝ። ንጹሕ ነው አልኩ። አልጋውን ላንሳ ወይ ብዬ አሰብኩና ሻያቸውን ጠጥቼ እንደ ሌባ ጓዳቸውን መበርበር አሳፈረኝ። ሦስት ሰዓት ነድቼ ሄጃለሁ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ። በሚያዝያ ዝናቡ መጣ። የሎሚው ሽታ ጠፍቶ እንደ እርጥብ ጆንያ መሽተት ጀመረ። ፍራሹን አንስቼ የኋላውን ማዕዘን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ጣቴ ግድግዳው ውስጥ ገባ። እንጨቱ እንደ ፍትፍት ሆኗል። ሽማግሌው አውቀው አታለሉኝ ብዬ አላምንም፤ እሳቸውም አልጋቸውን አንስተው አያውቁም። ያከሰረኝ ይሉኝታዬ ነው። እርስዎ ቅዳሜ ሲሄዱ ይሉኝታዎን ስፕሪንግፊልድ ትተውት ይሂዱ።

አሁን ክብደቱን እንይ። ፎቶዎ ላይ የምናሳሱ ባዶ ክብደት 3,900 ፓውንድ ይላል። ሃይላንደርዎ እስከ 5,000 ይጎትታል፤ ስለዚህ ይበቃል ብለው ይሆናል። ባዶ ክብደት ማለት ግን ማንም የማይጓዝበት ክብደት ነው። ሁለት ሙሉ የጋዝ ሲሊንደርና ባትሪ ወደ 100 ፓውንድ ይጨምራሉ። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 30 ጋሎን ሲሞሉ 250 ገደማ ነው። ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ምግቡ፣ ወንበሩ ሲባል 400 በቀላሉ ይሞላል። ድምሩ 4,650 ሆነ።

ዋናው ቁጥር ግን ገና ነው። ከትሬይለሩ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው የመኪናው መጎተቻ ላይ መጫን አለበት። ከዚያ ካነሰ ትሬይለሩ አውራ ጎዳና ላይ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። በጭነት መኪና ሕይወቴ ያንን ካጠገቤ አይቼዋለሁ፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ይብሳል። የ4,650 ፓውንድ 12 በመቶ 558 ነው። የሃይላንደርዎ መጎተቻ የሚችለው 500 ነው። አለቀ። ምናሳስ ያለው ትሬይለር የቱንም ያህል ቢያምር የእርስዎ መኪና ትሬይለር አይደለም።

የሹፌሩን በር ከፍተው ማቀፊያው ላይ ያለውን ተለጣፊም ያንብቡ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ይላል። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከዚያ ላይ ይቀነሳል። አራታችሁ፣ የበረዶ ሳጥኑ፣ ብስክሌቱ፣ ሁሉም ከዚያች ቁጥር ውስጥ ነው የሚበላው። ካሲታው እስከ አፉ ቢሞላ የተፈቀደለት 3,500 ፓውንድ ነው። ለመኪናዎ ይህ ይመቻል። ብዙ ሰው ግን ትንሽ ነው ብሎ ያጭቀዋል። ከገዙ በኋላ ለመጀመሪያው ጉዞ ጭነው ሲጨርሱ የከባድ መኪና ማደያ ጎራ ብለው ካት ስኬል የሚባለው የመኪና ሚዛን ላይ ያስመዝኑ። ጥቂት ዶላር ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ፔንሲልቬኒያ ነዎት። ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። ሁለት አፍንጫ ከአንድ ይሻላል፤ ወገቡም የእሷ ነው። ልጆቹን ለዘመድ ይተዉ። ልጅ አልጋው ላይ ዘሎ «አባዬ እንግዛው» ካለ በኋላ ምርመራ የለም። የእጅ ባትሪ፣ መሰላል፣ ካቻቢቴ፣ የሚያስተኛ ካርቶንና የቆሻሻ ልብስ ይያዙ። አንድ የእንጨት እርጥበት መለኪያም ይግዙ። ሁለት ሹል ጥርስ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት፣ የቤት ዕቃ መደብር ትገኛለች። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት ይሂዱ። ሻጩን «እስክመጣ በሩን ዝጋው፣ አታናፍሰው» ይበሉት።

በሩ ሲከፈት ዝም ብለው ይቁሙና ያሽትቱ። ይህን ከሰላምታ ቀጥሎ ያድርጉት፤ አፍንጫ በሁለት ደቂቃ ይለምዳል። የሻጋታ ሽታ ካለ ያውቁታል። ከባድ ሽቶ ካለ ደግሞ ምን ሊሸፍን ነው ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ፍራሹን ያንሱ። ከመቀመጫዎቹ በታች ያሉትን ክዳኖች ይክፈቱ። ቁምሳጥን ውስጥ ጭንቅላትዎን አስገብተው የኋላውን ጥግ በባትሪ ይዩ። ቡናማ ቀለበት ያለው እድፍ፣ የዛገ ቪቴ፣ የተነፋ እንጨት ሁሉም የውሃ ፊርማ ነው። ሪቬቶቹ ነጭ የፕላስቲክ ቆብ አላቸው። ቆቡን በጥፍርዎ ፈልቀቅ አድርገው ጥቂቱን ይዩ። ከሥሩ ዝገት ወይም የውሃ መውረጃ መስመር ካለ እዚያ ቀዳዳ በኩል ይገባል ማለት ነው። ሪቬት መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ዋናው ከዚያ የወረደው ውሃ የት ደረሰ የሚለው ነው።

የሚደርሰው ወለሉ ላይ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ጫማዎን አውልቀው በተረከዝዎ ይሂዱበት። በሩ አጠገብ፣ የጎማዎቹ ጉብታ ዙሪያ፣ ከማጠቢያው ሥር፣ ከኋላ ሁለቱ ማዕዘኖች። ደህና ወለል ድም ይላል። የበሰበሰ ወለል ዝም ብሎ ይቀበልዎታል። ከመቀመጫ ሥር እንጨቱ ባዶውን የሚታይበት ቦታ አለ፤ መለኪያውን እዚያ ይሰኩት። ደረቅ እንጨት ከ15 በመቶ በታች ያሳያል። ከ20 ካለፈ እርጥብ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አይለኩ፤ አሥር ቦታ ይለኩና ከአሥሩ የተለየውን ይፈልጉ። ከዚያ ካርቶኑን ዘርግተው ከሥር ይግቡና ያንኑ ቦታ ከታች ይዩት። ሻጩ ግራ ተጋብቶ ቢያይዎት አይጨነቁ።

ከሥር እያሉ ሻንሲውን ይዩ። የላይ የላዩ ዝገት አያስፈራም። በካቻቢቴ ሲጭሩት ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚረግፍ ከሆነ ግን ያስፈራል። መጎተቻው ምላስ ከሰውነቱ ሥር የሚገባበትን ቦታ በባትሪ ዙሪያውን ይዩት። ጭንቀቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወይም ኋላ የተበየደ ነገር ካዩ ቆም ብለው ይጠይቁ። የካሲታ አክስል ባሌስትራ የለውም። ቱቦው ውስጥ ያሉ ጎማዎች ናቸው እንደ ሞላ የሚያገለግሉት። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ትሬይለሩም ይወርዳል። በመንኮራኩሩና በላዩ ባለው ቅርፊት መካከል ጣት እንኳ የማያስገባ ከሆነ አክስሉ አርጅቷል። መቀየሪያው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

የመንገድ ጎማዎቹን በጥርሳቸው እንዳይፈርዱ። የትሬይለር ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአምስት ስድስት ዓመት ያለፈውን እኔ ልጆቼን ይዤ አልሄድበትም። በክሪክ አንስተው መንኮራኩሩን ያሽከርክሩ፣ ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። የሚያንሿሿ ወይም የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ሥራ ይፈልጋል። ኩሽኔታውን መጨረሻ ግሪስ ያስቀባው መቼ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁት። «ግሪስ ምንድነው?» ካለዎት መልሱን አገኙ።

ጣሪያውን መሰላል ላይ ሆነው ይዩት፤ አይውጡበት። የአየር ማስወጫው ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተሰንጥቋል ወይ? የመስኮቶቹ ጎሚኒ ደርቋል ወይ? ሻጩ ካልተቃወመ አንዳችሁ ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ ከላይ ወደ ታች ለአሥር ደቂቃ ያፍስሱ፣ አንዳችሁ ውስጥ ሆናችሁ በባትሪ ተመልከቱ።

የቀረው ዕቃ ሁሉ የሚጠገን ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ላሳልፈው። ምድጃው ይለኮስ። ማሞቂያው ይነሳ። የውሃ ፓምፑ ይብራና ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ዝም ይበል። ማንም ሳይነካው እየቆየ ጠር ጠር የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የጋዝ ሲሊንደሩ አንገት ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት ተመትቷል፤ 12 ዓመት ካለፈው እንደገና ካልተመረመረ አይሞላልዎትም። የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎቹም ጀርባቸው ላይ ቀን አላቸው። ካለፈ ይቀይሩ፣ አይከራከሩ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልለምንዎት። ቡናው በምድጃው ላይ ይቆላ፣ የጣሪያው ማራገቢያ ይብራ፣ መስኮቱ ይከፈት። ከሰል ግን ለአፍታም ቢሆን ትሬይለር ውስጥ አይግባ። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

ፍሪጁ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የቤት ፍሪጅ ዓይነት ሞተር የለውም። በጋዝ ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት አሞኒያ እያፈላ ነው የሚያቀዘቅዘው። ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። «አሁን አብርቼዋለሁ፣ ይሠራል» የሚል ሻጭ ምንም አላሳየዎትም። ከውጭ በኩል ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ክዳን ይክፈቱ። ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ቱቦው ላይ ካዩ ወይም አሞኒያ ከሸተተዎት ፍሪጁ አልቆለታል። አዲሱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

ይህን ሁሉ ራሴ ማድረግ ይከብደኛል ካሉ ፈቃድ ያለው የአርቪ መርማሪ መቅጠር ይችላሉ። የአሜሪካ የአርቪ መርማሪዎች ማኅበር የሚመሰክርላቸው ባለሙያዎች አሉ። ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍላሉ። ለ11,500 ዶላር ዕቃ እኔ አልሰስትም። ግን መርማሪ ቢቀጥሩም እርስዎ ከሥር ይግቡ።

ወረቀቱ ላይ አይቸኩሉ። ታይትሉ፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ማለት ነው፣ በሻጩ ስም መሆን አለበት። ታይትሉ ላይ ያለው ቪን የሚባለው መለያ ቁጥር ትሬይለሩ ላይ ካለው ጋር በአንድ በአንድ ፊደል ይመሳከር። የባንክ ዕዳ ካለበት እዚያው ላይ ይጻፋል። ተሰርቆ እንደሆነ ቪኑን በነጻ የሚያጣሩበት የመድን ድርጅቶች ማኅበር አገልግሎት አለ፣ ቪንቼክ ይባላል። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሻጩ ታይትሉን የሚፈርመው በኖተሪ፣ በፊርማ አረጋጋጭ፣ ፊት ነው። ለእርስዎ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡን እዚያው ፊርማው ሲያርፍ ይስጡ። «እቤት ፈርሜ አስቀምጬልሃለሁ» ካለ አይቀበሉ።

ይህን የምታነቡ ሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የ2005 እና የ2006 ትሬይለር በጣም በርካሽ ከቀረበላችሁ ታሪኩን ጠይቁ። ከካትሪና ማዕበል በኋላ መንግሥት ለተፈናቀሉ ሰዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትሬይለሮች ገዝቶ ነበር። ብዙዎቹ ውስጥ ፎርማልዴሃይድ በዝቶ ተገኘ። ኋላ በጨረታ ሲሸጡ «ለመኖሪያ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ነበር። ጽሑፉ ይላጣል።

ገንዘብዎን እንዲህ ይከፋፍሉት። 12,000ውን በሙሉ ለሻጩ አይስጡ። መኪናዎ የትሬይለር ፍሬን መቆጣጠሪያ የለውም። የቨርጂኒያ ሕግም ሆነ የእርስዎ ደህንነት ከ3,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ትሬይለር የራሱ ፍሬን እንዲኖረውና እንዲሠራ ይፈልጋል። ስለዚህ መቆጣጠሪያውንና ባለ 7 ሽቦውን መሰኪያ ማስገጠም አለብዎት። ጎማና ኩሽኔታም አለ። 1,500 ዶላር ያስቀሩ። ለሻጩ 10,500 ብለው ይጀምሩ። ያገኙትን ጉድለት በእጅዎ እያሳዩ ይደራደሩ። «ውድ ነው» ከማለት ይልቅ «ጎማው የ2016 ነው» ማለት ዋጋ ይቆርጣል።

ከመግዛትዎ በፊት የሰፈራችሁን የቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤችኦኤ) ደንብ ያንብቡ። ታውንሃውስ ከሆናችሁ ትሬይለር ደጅ ማቆም የሚፈቅድ ማኅበር እምብዛም ነው። የማቆሚያ ኪራይ በየወሩ ይጨመርብዎታል። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ከተገኘ ትንሽ ቢወደድም ይያዙት።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ካሲታውን ይዩ። ወለሉ ደረቅ ከሆነ፣ ሻንሲው ካልተሰነጠቀ ይግዙት። ጠባብ ነው፣ አልዋሽዎትም። ልጆችዎ ጎረምሳ ሲሆኑ አንዱ ድንኳን ይወጣል። ያኔም ቢሆን ደረቅ ካሲታ ገዢ አያጣም። ለሸናንዶዋ ግን ልክ ነው። ፓርኩን የሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ ፍጥነቱም 35 ማይል ነው። እዚያው መንገድ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ እንቁላሉ ሳይጎነበስ ያልፋል። በፓርኩ ካምፖች ከቦታው ላይ ኤሌክትሪክና ውሃ የሚሰካበት የለም። ስለዚህ ባትሪዎና የውሃ ጋንዎ ደህና መሆናቸው ከተደራራቢ አልጋ ይበልጥብዎታል። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሻጩን አመስግነው ባዶ እጅዎን ይመለሱ። ለባለቤትዎ ዘንድሮ ጥሩ የካምፕ አልጋ ይግዙላት፤ ትሬይለሩ በመስከረም ርካሽ ሆኖ ይመጣል።

አርብ ማታ ለሻጩ ይደውሉለት። ፍሪጁን አሁኑኑ አብርቶ እንዲያሳድረው፣ የትሬይለሩን በር ግን ዘግቶ እንዲያቆየው ይንገሩት።